«ችፌ ነው ሲሉን ቆይተው ካንሰር አሉን»

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የምንኖረው አራት ኪሎ ነው። አባቴ 71 ዓመታቸው ነው። ወገባቸውና መቀመጫቸው ላይ የሚያሳክክ ሽፍታ ከወጣባቸው አምስት ዓመት አለፈ። ፋርማሲ የጭርት ቅባት ሰጡን፤ ለውጥ የለም። ሁለት ጊዜ የቆዳ ናሙና ተወስዶ «ችፌ» ተባለ። በሦስተኛው «ማይኮሲስ ፈንጎይደስ፣ ገና ጅምር ላይ ያለ ካንሰር» አሉን። የቱን እንመን? ካንሰር ከሆነስ እንዴት ቅባትና መብራት ብቻ ይታዘዛል?

መልስ፦ እህቴ፣ ሦስተኛውን እመኚ። የፊተኞቹም ግን አልዋሹሽም። ይሄ ቲ ሴል ከሚባሉት ነጭ የደም ሴሎች የሚነሳ፣ ቆዳ ላይ የሚጀምር ሊምፎማ (የነጭ ደም ሴሎች ካንሰር) ነው። ሲጀምር የታመሙት ሴሎች ጥቂት ስለሆኑ በማይክሮስኮፕም ቁርጥ ችፌ ይመስላል። ዓመታት ፈጅቶ መታወቁ የተለመደ ነው። ስሙም ያሳስታል፤ በ1806 እ.ኤ.አ. በሽታውን የጻፈው ፈረንሳዊው ሐኪም አሊቤር እብጠቱ እንጉዳይ መስሎት «ፈንጎይደስ»፣ እንጉዳይ መሰል፣ አለው። በፈንገስ ከሚመጣው ጭርት ጋር ዝምድና የለውም፣ አይተላለፍም።

ለመሆኑ ናሙናው ሲወሰድ ቅባት እየተቀቡ ነበር? ስቴሮይድ ያለበት ቅባት ምልክቱን ያደበዝዘዋል። ከሁለት እስከ አራት ሳምንት አቁመው ቢመጡ ይሻላል። ደግሞ ትልልቅ ሰዎች ሱሪ ማውለቅ ያፍራሉ። እጅጌያቸውን ሰብስበው ክንዳቸውን ያሳዩኛል። በሽታው የሚወደው ግን ፀሐይ የማያየውን፣ የውስጥ ልብስ የሚሸፍነውን ቦታ ነው። በእኛ ቆዳ ላይ ቀይ ላይሆን ይችላል፤ ግራጫ ወይም ቡናማ ይሆናል፣ አንዳንዴም ነጣ ይላል። ቆዳው ሳስቶ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ይሸበሸባል። እሱን ካየሁ ከሁለት ከሦስት ቦታ ናሙና እወስዳለሁ።

ወደ ሕክምናው። የአባትሽ አንድ መዳፍ ከነጣቶቹ ከቆዳቸው 1 በመቶ ገደማ ነው። ሽፍታው ሲደመር ከአሥር መዳፍ ካነሰና ንፍፊት ካላበጠ የመጀመሪያው ደረጃ ነው፤ አብዛኞቹ የእኩዮቻቸውን ያህል ይኖራሉ። ኬሞውን ተዪው። በ1989 እ.ኤ.አ. የወጣ የአሜሪካ ጥናት ከጅምሩ ኬሞና ጨረር የወሰዱትን ቀለል ባለ ሕክምና ከጀመሩት ጋር ሲያነጻጽር፣ ጉዳቱ በዛ እንጂ ዕድሜ አልጨመረም።

መብራቱን ግን ጠዋት ደጃፍ ላይ ፀሐይ በመሞቅ እንዳይተኩት! ተመጥኖ የሚሰጥ የተለየ የአልትራቫዮሌት ብርሃን ነው፤ በሳምንት ሁለት ሦስቴ፣ ለወራት።

ሌላ ፓቶሎጂስት (ናሙና የሚመረምር ሐኪም) ይይልን ካላችሁ ጥቁር አንበሳ ቅርባችሁ ነው። የሦስቱንም ናሙና ስላይድ ይዛችሁ ሂዱ፤ ጎን ለጎን ሲታዩ ብዙ ይናገራሉ። አባትሽም ያን ቀን ቶሎ የሚወልቅ ልብስ ይልበሱ።