በዐቢይ ጾም ሥዕል ይዛችሁ ወደ ጎጃም ለምትመጡ

በውጭ አገር የምትኖሩ ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ በምትኖሩበት ከተማ ምእመናን በዐቢይ ጾም ተሰብስበው ስለ ሕይወታቸው መለወጥ ሥዕል ሲሠሩ አይታችሁ፣ ይህንኑ በተወለዳችሁበት አጥቢያ ለማድረግ የምታስቡ አላችሁ። ሐሳቡ መልካም ነው። እኔም ከብዙ ዓመት ስደት በኋላ በብቸና አካባቢ በአንድ የገጠር ደብር ሞክሬዋለሁና አስቀድሜ የተሳሳትሁትን ልንገራችሁ።

በመጀመሪያው ዓመት ለሰንበት ትምህርት ቤቱ ወጣቶች ወረቀትና ቀለም አድዬ፣ እያንዳንዱ በግራ በኩል የቀድሞ ማንነቱን፣ በቀኝ በኩል ሊሆን የሚመኘውን እንዲሥል ጠየቅሁ። ቤቱ ጸጥ አለ። አንዲት ልጅ ወረቀቷን አራት አጥፋ በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረችና ወጣች። ማታ የኔታ አስጠርተው፣ «ልጄ፣ የጠየቅኻት ለንስሐ አባቷ የሚነገረውን ነው፤ በሰው ፊት እንዴት ትሥለው?» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ያንን ጥያቄ ለማንም አላቀረብሁም፤ እናንተም እንዳታቀርቡ አጥብቄ እለምናችኋለሁ።

በአገራችን ሰው ራሱን በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ውስጥ የሚያስገባበት የቆየ መንገድ አለ። በጣና፣ በደቅ ደሴት፣ በናርጋ ሥላሴ እቴጌ ምንትዋብ የተሣሉት በእመቤታችን እግር ሥር ተደፍተው ነው። ስለ ኃጢአታቸውም ሆነ ስለ ምኞታቸው የሚናገር ነገር የለም፤ የሚታየው የተደፉበት ቦታ ብቻ ነው፤ እኔ እንደሚመስለኝም ይበቃል።

ስለዚህ በሚቀጥለው ዓመት ሥራውን ለጾሙ ሳምንታት አስረከብነው። ከዘወረደ እስከ ሆሣዕና ያሉት ስምንቱ እሑዶች እያንዳንዳቸው ስምና ወንጌል አላቸውና፣ በአንድ ረጅም አቡጀዴ ላይ ለየእሑዱ አንድ ቦታ ለይተን፣ ከቅዳሴ በኋላ በጋራ በከሰል እንነድፍ ነበር። አራተኛው እሑድ መጻጉዕ ነው፤ 38 ዓመት የታመመው ሰው አልጋውን ተሸክሞ የሄደበት ታሪክ ይነበብበታል። ልጆቹ አልጋውን እንደ ቤታቸው የጠፍር አልጋ አድርገው ሣሉት። ከበር ቆመው ያዩ የነበሩ አንድ ሽማግሌ ቀርበው ጠፍሩን በጣታቸው እያሳዩ፣ «ይህን ያህል ዘመን የተተኛበት ጠፍር እንዲህ ተወጥሮ አይቆይም፣ አርግቡት» አሉ፤ ልጆቹም ደምስሰው አረገቡት። ከዐረብ አገር የተመለሰ አንድ ወጣት ደግሞ በሽተኛው ገና ሳይድን «ሰው የለኝም» ያለበትን ፊት ብቻ ልሥል ብሎ ጠየቀ፤ ሦስት እሑድም ሲሠራው ቆየ። ለምን ብሎ የጠየቀው አልነበረም። ስለራሱ አንድ ቃል ሳይናገር ሁሉን እንደነገረን ግን በዚያ የነበርን ሁላችን እናውቃለን።

ስለ ቀለም የምመክራችሁ፣ እስከ ፋሲካ ድረስ ሣጥናችሁን እንዳትከፍቱ ነው። በዐቢይ ጾም ከበሮና ጸናጽል ዝም ብለው ጾመ ድጓው በመቋሚያ እንደሚዜም፣ ጨርቁም በከሰል ብቻ ይቆይ። በሰሙነ ሕማማት ከሰሉንም ማስቀመጥ ይገባል፤ ያ ሳምንት የስግደት ነው። ትንሣኤ ሲበሠርና ከበሮው ሲመለስ ቀለሙም ይምጣ፤ እስከ ዳግም ትንሣኤ ባሉት ቀናት እየቀባችሁ ብትጨርሱ፣ 55 ቀን ጥቁር ሆኖ ያዩት ጨርቅ ቢጫና ቀይ ሲለብስ የልጆቹን ፊት ታያላችሁ፤ ይህን በቃል ላስረዳችሁ አልችልም።

ከመነሣታችሁ በፊት መንገዱ ሰላም መሆኑን፣ ከደረሳችሁም በኋላ የደብሩን አስተዳዳሪና ሰበካ ጉባኤውን ጠይቁ። ልጆች የሠሩት ሥራ የትምህርት ሥራ እንጂ የሚሰገድለት ቅዱስ ሥዕል አይደለምና በአዳራሹ እንጂ በቤተ መቅደሱ አይሰቀል። በግድግዳው ላይ ያሉትን የጥንት ሥዕሎች «እናድሳለን» ብላችሁ በዘይት ቀለም እንዳትነኩ፤ የአያቶቻችን እጅ ከተሸፈነ መልሶ የሚያወጣው የለም።

ጨርቁንም ለማስታወሻ ብላችሁ ይዛችሁ አትሂዱ፤ የሠሩት ሰዎች ዘንድ ይቅር። የእኛን፣ የክረምቱ እርጥበት እንዳያገኘው ከአዊ በመጣ ቀርከሃ ላይ ጠቅልለን በዕቃ ቤቱ አኑረነዋል፤ በየዓመቱ በመጻጉዕ እሑድ ይዘረጋል።