የአደይ ጉንጉን ለምን በአንድ ቀን ይጠወልጋል?

ጥያቄ፦ ለእንቁጣጣሽ የአደይ አበባ ጉንጉን ሠርቼ የውጭው በር ላይ ሰቀልኩ። ጠዋት ያማረው ከሰዓት በኋላ አንገቱን ደፋ፤ በማግስቱ ደግሞ አበቦቹ ተንሸራተው ወደ ታች ተከመሩ። ቀለበቱን የሠራሁት ከለምለም ቄጠማ ነው። ስህተቴ ምኑ ላይ ነው?
*አንባቢ፣ ከአዲስ አበባ*

መልስ፦ ችግሩ ሁለት ነው። መንሸራተቱ ከቀለበቱ፣ መጠውለጉ ከውኃ እጦት የመጣ ነው።

ለምለም ቄጠማ ውስጡ ውኃ ነው። ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ማታ ጥብቅ ብሎ የታሰረው ሲባጎ በማግስቱ ይላላል፣ አበባውም መያዣ ያጣል። ቄጠማዎን ለወለሉ ይጎዝጉዙት፤ ለቀለበት ለስፌት የሚሸጠው ደረቅ ስንደዶ ይሻላል። ደረቁን ካጠፉት ግን ይሰበራል፤ ስለዚህ ስፌት የሚሰፉ እናቶች እንደሚያደርጉት መጀመሪያ ውኃ ውስጥ ይዘፍዝፉት። ሲለዝብ በአውራ ጣት ውፍረት ይያዙና፣ ዘንጎቹን እየቀጣጠሉ፣ ከጠርዝ እስከ ጠርዝ 35 ሳንቲ ሜትር የሆነ ክብ ያድርጉት። ጫፍና ጫፉን 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ደርበው፣ ዙሪያውን በየሦስት ጣቱ በሲባጎ ይሰሩ። ከላዩ ትሪ ጭነውበት ይደር፤ እየደረቀ ቅርጹን ይይዛል። ስንደዶ ካልተገኘ የልብስ መስቀያ ሽቦ ይሆናል፤ ነገር ግን አበባው በሽቦው ላይ እንዳይሽከረከር በጨርቅ ጠበቅ አድርገው ይጠቅልሉት።

አሁን ወደ ውኃው። አደይ ግንዱ ቀጭን፣ ቅጠሉ ብዙ ነው፤ ውኃውን በቅጠሉ በኩል ቶሎ ያጣል። ከታሰረ በኋላ ደግሞ እንደ ልቡ አይጠጣም። ስለዚህ የሚኖረው ቀድሞ በጠጣው ነው፤ ብዙ ሰው የሚዘነጋው ይህን ነው። ጠል ሳይደርቅ ጠዋት ይቁረጡት፤ ከአበባው በታች ያለውን ቅጠል ያራግፉና ቢያንስ 4 ሰዓት ጥላ ሥር በባልዲ ውኃ ውስጥ ያቁሙት። ጳጉሜን 4 ቆርጠው ውኃ ውስጥ ቢያሳድሩትና በዋዜማው ቢያስሩት ደግሞ የተሻለ ነው። ለዚህ ቀለበት ከ130 በላይ ዘንግ ያስፈልጋል፤ የሚሰበር ስለማይጠፋ 150 ይቁረጡ። ከአንድ ቦታ ግን ሁሉንም አይጨርሱ፤ አደይ በየዓመቱ ከዘር የሚበቅል ስለሆነ ያልተቆረጠው ነው የከርሞው አበባ።

ማሰሩ እንዲህ ነው። አምስት ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው የጆንያ ቁራጭ ውኃ ነክረው፣ ጨመቅ አድርገው ቀለበቱን ይጠቅልሉበት። ስድስት ስድስት አበባ እያደረጉ በ12 ሳንቲ ሜትር ቁመት ያስተካክሉ። የመጀመሪያውን እስር የግንዱን ጫፍ ከእርጥቡ ጆንያ ሥር ሸጎጥ አድርገው፣ ሲባጎውን ሦስት ጊዜ አዙረው ያጥብቁ። ሲባጎውን አይቁረጡት፤ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ክር ይሁን። ሁለተኛውን እስር 5 ሳንቲ ሜትር ዝቅ አድርገው ያስቀምጡ፤ የእሱ አበባ የፊተኛውን ግንድ ይሸፍናል። በአንድ አቅጣጫ ብቻ ይሂዱ። 22 እስር ያህል ሲሆን ዙሩ ይሞላል፤ ለመጨረሻው የመጀመሪያውን አበባ በጣት ቀና አድርገው ከሥሩ ያስገቡት።

የላሜራ በር ፀሐይ ሲመታው ይግላል፤ አበባውን ከጀርባው ያጠወልገዋል። የእርስዎም በር እንዲህ ከሆነ ጉንጉኑን የቤቱ በር ላይ ቢሰቅሉት ይመረጣል፤ አለበለዚያ ከኋላው ወፍራም ካርቶን ያድርጉ። ማታ ማታ አውርደው ጆንያውን በውኃ ያርሱት። እንዲህ የተያዘ ጉንጉን ሁለት ሦስት ቀን አምሮ ይቆያል። ለመስቀል አበባውን ብቻ ይለውጣሉ፤ ቀለበቱ ያው ነው።

ጥያቄ፦ የምንኖረው አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ነው። አደይ ከየት እናምጣ?
*አንባቢ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ*

መልስ፦ ቅርብ ዘመዱ እዚያው አለ። አደይ ባይደንስ ከሚባለው የዕፅዋት ወገን ነው፤ በአካባቢያችሁም በመስከረም ወር በየእርጥብ ሜዳው ቢጫ የሚያብቡ የዚሁ ወገን ተክሎች አሉ። ከፓርክና ከሰው መሬት ግን አይቁረጡ፤ ዘሩን ገዝታችሁ በጓሮ ዝሩት። ብላክ አይድ ሱዛን የሜሪላንድ አበባ ናት፤ መሐሏ ጥቁር መሆኑ ከአደይ ይለያታል እንጂ ቢጫዋ ደማቅ ነው። ጊዜ ከሌላችሁ ከሱቅ ቢጫ ክሪሳንተመም ግዙ፤ ከአደይ ይልቅ ብዙ ቀን ትቆያለች፣ እስሩም በሦስት አበባ ይሞላል።

ጥያቄ፦ የመስቀሉን ጉንጉን አድርቄ እስከ ገና ማቆየት እችላለሁ?
*አንባቢ፣ ከደብረ ብርሃን*

መልስ፦ አደዩን አይድከሙበት፤ ሲደርቅ ቅጠሉ ተጨማትሮ ይረግፋል። ጆንያውን ፈትተው ቀለበቱን ብቻ በደረቅ ቦታ ያስቀምጡ፤ እርጥብ ከተቀመጠ ይሻግታል። ለገና ከአጥር የተከረከመ የፈረንጅ ጥድ ይበቃል፤ አገር በቀሉ ጥድ ለማደግ ዘመን ይፈጃልና አይንኩት። ሦስት ሦስት ቅርንጫፍ በ15 ሳንቲ ሜትር እየቆረጡ በየ7 ሳንቲ ሜትሩ ይሰሩ፤ 16 እስር ያህል ይወስዳል። ቀይ ቀለም ከፈለጉ ደረቅ ዛላ በርበሬ ጣል ጣል ያድርጉበት፤ በመርፌ ከበሱት ፍሬው ስለሚረግፍ በቆባው በኩል ይሰሩት፤ ሲጨርሱ እጅዎን ሳይታጠቡ ዓይንዎን አይንኩ። የጥዱ ሙጫ እጅዎን ከያዘው በሳሙና ከመታገል በፊት በዘይት ይሹት፣ ይለቃል። ታኅሣሥ አየሩ ደረቅ ነው፣ የደረቀ ጥድም እሳት ሲያገኝ ይንቦገቦጋል፤ ሻማና ጧፍ አጠገቡ አያብሩ።