ፒስታቺዮ አብቦ ፍሬ ካልያዘ

ሳክራሜንቶ ጓሮህ ያለው ከርማን የሚባለው የፒስታቺዮ ዝርያ ሁለት ዓመት አብቦ ፍሬ አልሰጥ ያለህ ወንዴ ስለሌለው ነው። ከርማን ሴቴ ናት። ፒስታቺዮ ወንዴና ሴቴው ለየብቻ ዛፍ ነው። ንብ አትጠብቅ፤ አበባው ማር የለውም፣ ብናኙን የሚያደርሰው ነፋስ ነው።

ነፋስ በሚመጣበት በኩል ፒተርስ የሚባለውን ወንዴ ትከል። ቦታ ከጠበበህ አንድ የፒተርስ ቅርንጫፍ እዚያው ከርማኗ ላይ አጣብቀህ አዳቅል።

ፒተርስህ እስኪያብብ ግን ዓመታት ይፈጃል። እስከዚያ ወንዴ ዛፍ ያለው ጎረቤት ፈልግ። የወንዴው አበባ ዘለላ ቢጫ ብናኝ መልቀቅ ሲጀምር ቆርጠህ ወረቀት ላይ አሳድረው። ጠዋት ብናኙን በለስላሳ ብሩሽ ሴቴዋ አበባ ላይ አራግፍ፤ ከሁለት ቀን በኋላ ድገመው።

ፌስታል ውስጥ ግን እንዳታስቀምጠው! እኔ አንዴ ቋጥሬ አሳድሬው፣ ጠዋት አልቦት እንደ ራሰ ሽሮ ተጓጉሎ አገኘሁት። የዚያን ዓመት የለቀምኩት አንድ እፍኝ ባዶ ቅርፊት ነው።