አያቷ ምጽዋ ባሕር ኃይል ለነበሩት እህት

እህቴ፣ «አያቴ በጃንሆይ ጊዜ ባሕር ኃይል ነበሩ፤ ጠመንጃ ይዘው የተነሡት ፎቶ አለን፤ ማሪን ነበሩ ይባላል። መርከብ ላይ ቀን ከሌት ምን ይሠሩ እንደነበር ከየት ላግኝ?» ያልሽውን ሳነብ የራሴ ሦስት ዓመት ነው የታየኝ። የኔም አባት ከመንዝ ወርደው ነው ምጽዋ የገቡት።

1. የፎቶውን ጀርባ አገላብጪ፤ ዓመት ካለበት በማን አቆጣጠር እንደተጻፈ ለዪ። እኔን ያከሰረኝ ይሄ ነው። የአባቴ ፎቶ ጀርባ «መርከብ ኢትዮጵያ፣ 1954» ይላል። በውጭ አገር መዛግብት የሚፈልግልኝ ሰው አዲስ አበባ አገኘሁና ወይፈን ሸጬ ከፈልኩት፤ ዓመቱንም እንዳለ ሰጠሁት። ከስምንት ወር በኋላ የመጣልኝ መልስ «በዚያ ዓመት ኢትዮጵያ ባሕር ኃይል አልነበራትም» የሚል ነው። እውነትም ነው! ባሕር ኃይሉ የተቋቋመው በፈረንጅ 1955 ነው። «ኢትዮጵያ» የተባለችው 95 ሜትር የምትረዝም መርከብ ደግሞ በፊት «ኦርካ» የምትባል የአሜሪካ መርከብ ነበረች፤ ለእኛ የተሰጠችው በፈረንጅ ጥር 1962፣ ማለትም በእኛ 1954 ነው። አባቴ በአገራቸው አቆጣጠር በትክክል ጽፈውት ነበር።

2. ጠመንጃ ስለያዙ ብቻ ማሪን ነበሩ ብለሽ አትደምድሚ። ማሪን ማለት ዋና ሥራው መርከብ ላይ ጥበቃና ወደ የብስ ወርዶ መዋጋት የሆነ ወታደር ነው፤ መርከቧን የሚነዳው፣ የሚያጸዳው፣ ሞተሯን የሚይዘው መርከበኛው ነው። ግን መርከበኛውም ለሰልፍ ጠመንጃ ይይዛል።

3. ቢሮ። ምጽዋ በእኛ አቆጣጠር በየካቲት 1982 ከኢትዮጵያ ጦር እጅ ወጣች፤ ከተረፉት መርከቦች ብዙዎቹ ግንቦት 1983 ላይ የመን ገቡ። ስለዚህ የሠፈሩ መዝገብ ተደርድሮ አይጠብቅሽም። እኔ ይህን ሳላስብ ከደብረ ብርሃን አራት ጊዜ አንድ መዝገብ ቤት ተመላለስኩ። በአራተኛው ቀን ሰውዬው ቀና እንኳ ሳይል «የሞተ ሰው ፋይል ምን ያደርግልሃል?» አለኝ። ሃያ ዓመት ያገለገሉ ሰው ናቸው! እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ከዚያ ግቢ የጠቀመኝ ነገር ቢኖር ወረፋ ላይ አጠገቤ የተቀመጡ እናት ናቸው፤ «ሸዋ ሮቢት አንድ የባሕር ኃይል ጡረተኛ አሉ» አሉኝ።

በማግሥቱ ወረድኩ። ሽማግሌው ከምጽዋ ሲመለሱ የደጋው ብርድ አልስማማ ብሏቸው ነው እዚያ የቀሩት። «ኑሮው እንዴት ነበር?» ስላቸው «ደኅና ነበር» ብለው ዝም አሉ። ቆይቼ «በስንት ሰዓት ነበር የምትነሡት? ማን ነበር የሚቀሰቅሳችሁ?» ስላቸው ግን ከወንበሩ ቀና አሉ። ፈረቃው አራት አራት ሰዓት ነው፤ ያለፈው ተረኛ መጥቶ ትከሻህን ይነካሃል፤ መብራት አይበራም። ቀን ዝገት መፋቅና ቀለም መቀባት ነው፤ ጨው ስለሚበላው ከዚህ ጫፍ ስትጨርስ ከዚያኛው ጫፍ ይጀምራል። ብረቱ ሌሊት እንኳ አይበርድም፤ ስለዚህ ከሌሊቱ 10 እስከ ጠዋት 2 ያለውን ተራ ሁሉም ይመኘዋል፤ ነፋስ አለው። «አባትህ ያንን ተራ ለማንም አይለቅም ነበር» አሉኝ።

አባቴ መንዝ በዚያ ውርጭ ሌሊት 10 ሰዓት ተነሥተው፣ ባናቸውን ጥግ ለጥግ ገጥመው አጥፈው፣ እስኪነጋ ደጅ ይቆሙ ነበር። እኛ ከብት የሚጠብቁ ይመስለን ነበር።

እና እህቴ፣ ወረቀቱ ይቆይሽ፤ ሽማግሌዎቹን ቅደሚ። ጡረታ የሚከፈል ቀን ባንክ በር ላይ ቁሚ፤ የየሰፈሩን የዕድር ዳኛ ጠይቂ። ዋናውን ፎቶ ለማንም አትስጪ። ሸዋ ሮቢት ከወረድሽ በውስጥ ጻፊልኝ፣ ቤታቸውን አሳይሻለሁ። ፎቶውን ግን አሳድገሽ አሳትሚው፤ ዓይናቸው ደክሟል።