«ለባልደረቦቹ ሲያወራ ለእኔ ለምን ዝም ይላል?»

ውድ ጠያቂ፣ መርከበኛው ባለቤትዎ በሶማሊያ የባሕር ወንበዴዎች ሦስት ወር ታግተው ከተመለሱ ዓመት ሊሞላቸው ቢቃረብም፣ ስልክ ሲጠራ ከክፍሉ እንደሚወጡ፣ ሌሊት በር ደጋግመው እንደሚፈትሹና አብረዋቸው ከታገቱት ጋር ሲጨዋወቱ ለእርስዎ ግን አንዲት ቃል እንደማይተነፍሱ ጽፈውልናል።

እኔን የያዘኝ በአንድ መስመር ያለፉት ጉዳይ ነው፦ ታግተው ሳሉ በሳተላይት ስልክ ደውለው «ገንዘቡ ካልተከፈለ ይገድሉናል» እያሉ ማልቀሳቸው። ወንበዴዎች በመርከቡ ባለንብረት ላይ ጫና ለማሳደር ታጋቾችን ወደ ቤተሰብ ማስደወላቸው የታወቀ ዘዴ ነው። ስለዚህ የእርስዎ ድምፅ በባለቤትዎ አእምሮ ውስጥ ከዚያች ሰዓት ፍርሃት ጋር ተሳስሮ ሊሆን ይችላል፤ «አስለቀስኳት» የሚል ኀፍረትም ይጨመርበታል። ለባልደረቦቻቸው የሚያወሩት አስበልጠዋቸው ሳይሆን፣ ለእነሱ ምንም ማስረዳት ስለማይጠበቅባቸው ይመስለኛል።

«ናሃም 3 ላይ የነበሩት ከ2012 እስከ 2016 እ.ኤ.አ. ታግተው ኖረዋል፤ የእኔ ምን አላት?» ማለታቸውንም ጠቅሰዋል። እውነት ነው፣ በዚያች የዓሣ ማጥመጃ መርከብ ከተያዙት መካከል 26ቱ የተለቀቁት ከአራት ዓመት ተኩል በላይ ቆይተው ነው። ሆኖም የሌላው ሰው መከራ መርዘሙ የእሳቸውን አያቀልም፤ እንዲህ ያለው ንጽጽር እርዳታ ላለመጠየቅ የሚቀርብ ሰበብ ሲሆን ደጋግሜ አይቻለሁ።

ታሪኩን እንዲነግሩዎት አይወትውቷቸው። ምልክቶቹ ከአንድ ወር በላይ ቆይተው ኑሮን ሲያውኩ ግን በአሰቃቂ ገጠመኝ ምክንያት የሚመጣ የጭንቀት ሕመም ሊሆኑ ስለሚችሉ፣ በዚህ ላይ የሠለጠነ ባለሙያ ሊመረምራቸው ይገባል፤ ለሕመሙ ውጤታማ የንግግር ሕክምናዎች አሉ። እስከዚያው የስልኩን የጥሪ ድምፅ ቀይሩት፤ ከመደወልዎ በፊትም አጭር መልእክት ይላኩላቸው። (በእገታው ወቅት ስላልተከፈለውና ስለሚያጨቃጭቃችሁ ደመወዝ፦ ከዲሴምበር 26 ቀን 2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የጸናው የ2006 እ.ኤ.አ. ዓለም አቀፍ የባሕር ሠራተኞች ስምምነት ማሻሻያ በእገታ ወቅት ደመወዝ እንዳይቋረጥ ስለሚደነግግ፣ መርከቡ የተመዘገበበት አገር ስምምነቱን ተቀብሎ እንደሆነ ያጣሩ፤ ጭቅጭቁ በሁለታችሁ መካከል ሊሆን አይገባም።)

እርስዎም በስልኩ ሌላኛው ጫፍ ነበሩ፤ ያን ጊዜ ምን እንደተሰማዎት የጠየቀዎት ሰው ያለ አይመስለኝም፤ ስለዚህ ለራስዎም ባለሙያ ያነጋግሩ። ከዚያም፣ በቀን አመቺ በሆነ ጊዜ፣ ለባለቤትዎ «ስትደውል እኔም ፈርቼ ነበር፤ ግን ድምፅህን በመስማቴ በሕይወት መኖርህን አወቅሁ» ይበሏቸው፤ መልስ ግን አይጠብቁ።