ለጃማይካዊው አማቴ ተዝካር ማውጣት እችላለሁ?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? የምኖረው ቶሮንቶ ነው። ባለቤቴ ጃማይካዊ ነው። አባቱ በቅርቡ ኪንግስተን ውስጥ አረፉ። በወጣትነታቸው እዚያው በእኛ ቤተ ክርስቲያን ተጠምቀዋል፤ ሚስታቸውና እህቶቻቸው ግን ባፕቲስት (ፕሮቴስታንት) ናቸው። ለቤተሰባቸው የኖሩ ሰው ነበሩ። ዓመት ዓመት ካናዳ እየመጡ በእርሻ ሥራ ደክመው ልጆቻቸውን፣ የወንድማቸውንም ልጆች ጭምር አሳደጉ። አሁን ቤተሰቡ «ናይን ናይት» (ዘጠነኛ ሌሊት) የሚሉትን የለቅሶ ሥርዓት ሊያደርግ ነው። ዶሚኖ አለ፣ ሩም የሚባለው መጠጥ አለ፣ መዝሙርም አለ። ብገኝ ኃጢአት ይሆንብኛል? አርባቸውንስ እዚህ ማውጣት እችላለሁ? ሌላው፣ ባለቤቴ የሕይወት ታሪካቸውን እንዲያነብ ተመርጧል። ከጋብቻ በፊት የወለዷት ልጅ አለቻቸው። አንዳንዶቹ ስሟ አይነሣ ይላሉ። ምን ያድርግ?

መልስ፦ እህቴ፣ እግዚአብሔር ያጽናችሁ። የአባታችንን ነፍስ ይማርልን።

ተዝካራቸውን አውጪ። የተጠመቁ የቤተ ክርስቲያን ልጅ ናቸው፤ ጃማይካዊ መሆናቸው ከጎንደሬው ወይም ከሸዌው አያሳንሳቸውም። ይህን አጥብቄ የምናገረው «እነሱ ራስታ አይደሉም እንዴ?» የሚሉ ምእመናን ስላሉ ነው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በፈረንጆቹ ሚያዝያ 1966 ጃማይካን ከጎበኙ በኋላ፣ በ1970 ቤተ ክርስቲያናችን እዚያ ተተከለች። የላከቻቸው አባት በኋላ አቡነ ይስሐቅ የተባሉት ናቸው። አንዳንዶች በንጉሡ ስም አጥምቁን ሲሏቸው እሺ አላሉም፤ ያጠመቁት በአብ በወልድ በመንፈስ ቅዱስ ስም ነው። ቦብ ማርሊ እንኳ ሊሞት ጥቂት ወራት ሲቀሩት በዚህች ጥምቀት ብርሃነ ሥላሴ ተብሏል። ግንቦት 1981 ኪንግስተን ውስጥ ሲሸኝም የእኛ ካህናት ጸልየውለታል። እንግዲህ አማትሽ ከማንም በታች አይደሉም።

አንድ ነገር ግን ቶሎ ፈልጉ፤ የክርስትና ስማቸውን። ጃማይካ ውስጥ ሰው በቤት ስሙ ይታወቃል፤ የሞት ማስታወቂያ ላይ እንኳ የቤት ስሙ ካልተጻፈ ማን እንደሞተ ሰፈሩ ላያውቅ ይችላል። በጸሎት የሚጠራው ግን በጥምቀት የተሰጣቸው ስም ነው። የጥምቀት ወረቀታቸውን ከሰነዶቻቸው መካከል ፈልጉ፤ ከጠፋ የተጠመቁበትን ደብር ጠይቁ።

አርባውን የምትቆጥሩት ካረፉበት ቀን ጀምራችሁ ነው። ይህን የምልሽ እዚያ ቀብር ስለሚዘገይ ነው። ዘመድ ከካናዳ፣ ከእንግሊዝ፣ ከአሜሪካ እስኪሰበሰብ ሁለትና ሦስት ሳምንት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይቆያል። አንቺ ቀብሩን ስትጠብቂ አርባው እንዳያልፍብሽ። ድግሱ አያስጨንቅሽ፤ በብድር ድንኳን ጥሎ ጎረቤት ማጥገብ ተዝካር አይደለም። ጸሎቱ ይደረግ፣ ቅዳሴው ይቀደስ፣ የተራበ ይብላ። ቀኑ ጾም ላይ ከዋለ የጾም ይሁን።

ባፕቲስት ዘመዶቹ «ለሞተ ሰው ምን ጸሎት ያስፈልገዋል?» ሊሉሽ ይችላሉ። አትከራከሪያቸው፤ ለቅሶ ቤት የክርክር ቦታ አይደለም። ለራስሽ ግን ሁለተኛ ጢሞቴዎስ 1፥16-18ን አንብቢ። ቅዱስ ጳውሎስ ስለ ሄኔሲፎሩ በዚያን ቀን ከጌታ ምሕረትን እንዲያገኝ ይለምናል። አባቶቻችን ይህ ሰው ያን ጊዜ አርፎ እንደነበር ያስተምራሉ። ደግሞም በሬሳ ሳጥኑ ላይ አትጣሉ። የቀብሩን ሥርዓት ሚስታቸው በራሳቸው ቤተ ክርስቲያን እንዲሆን ከፈለጉ፣ የእኛ ካህናት መጥተው ፍትሐት ያድርሱላቸው ዘንድ በትሕትና ለምኗቸው። በትዳር አብረዋቸው የኖሩት እሳቸው ናቸው እንጂ እኛ አይደለንም።

ወደ ናይን ናይቱ ልምጣ። ሂጂ። ባትሄጂ ነው የማዝንብሽ። «ከሚያለቅሱ ጋር አልቅሱ» ተብለናል (ሮሜ 12፥15)። ዮሴፍ አባቱ ያዕቆብ ሲሞት ግብፃውያን በአገራቸው ልማድ ሰባ ቀን አልቅሰውለታል፤ ከዚያ በኋላ ደግሞ እሱ በራሱ ሰባት ቀን ልቅሶ አደረገ (ዘፍጥረት 50)። የግብፆቹን እንባ ንቆ አልመለሰውም። እዚያ የምታዪው ብዙው ነገር ለኛ ሰው እንግዳ አይደለም። ጎረቤቱ ሁሉ ግቢ ውስጥ ይሰበሰባል፤ የተጠበሰ ዓሣ፣ ዳቦ፣ የፍየል ሾርባ፣ ቡና ይቀርባል፤ አንዱ የመዝሙሩን ስንኝ ይጠራል፣ ሕዝቡ ይቀበላል፤ ዶሚኖው ጠረጴዛ ላይ ይንኳኳል፤ ስለ ሟቹ ይወራል፣ ይሳቃል፣ ይለቀሳል። ሐዘንተኛ ብቻውን እንዳያድር ነው ይህ ሁሉ። እኛስ ለቅሶ ቤት ካርታ እየተጫወትን እናድር የለ?

የማትካፈዪበትም አለ። የድሮው እምነት የሟቹ መንፈስ በዘጠነኛው ሌሊት ቤቱን ለቆ ይሄዳል ይላል። ስለዚህ በአንዳንድ ቤት ለመንፈሱ ምግብ ለብቻ ይቀመጣል፤ እስከ እኩለ ሌሊት ማንም አይነካውም። ፍራሹ ይገለበጣል፣ ዕቃው ቦታውን ይለውጣል፤ መንፈሱ ተመልሶ ቢመጣ ቤቱን እንዳያውቀው። የእኛ እምነት ይህ አይደለም። የጻድቅ ነፍስ በእግዚአብሔር እጅ ናት፤ በልታ አትጠግብም፣ ከቤትም አትባረርም። ከዚያ ማዕድ አትብዪ፣ ፍራሹንም አትንኪ፤ በዚያ ሰዓት ወጥተሽ አቡነ ዘበሰማያት ድገሚ። ማንንም መገሠጽ አይጠበቅብሽም። ዛሬ ብዙ ቤተሰብ ይህን ክፍል ትቶ መዝሙሩንና ጨዋታውን ብቻ ይዟል፤ የአንቺም ቤተሰብ እንደዚያ ሊሆን ይችላል። ስለ ሩሙ፣ ከሰካራም ጋር አትስከሪ፤ ይኸው ነው።

አሁን የልጅቷ ነገር። ስሟ ይነሣ።

ይህን ስጽፍልሽ ልቤ ተነክቶ ነው። አባቷ ሞቶ ከልጆቹ መካከል ሳትቆጠር ሰው ፊት የምትቀመጥ ልጅ ሐዘኗ ሁለት ነው። ባለቤትሽ እንዴት እንደተወለደች መተረክ የለበትም፤ ያ ኑዛዜ ነው፣ ኑዛዜ ደግሞ ለካህን እንጂ ለሕዝብ አይነገርም። ነገር ግን ልጆቻቸውን በስም ሲጠራ፣ በዕድሜ ቅደም ተከተል፣ እሷንም እንደ ሌሎቹ ይጥራት። ቅዱስ ማቴዎስ የጌታን የትውልድ ሐረግ ሲጽፍ ትዕማርን አልዘለላትም፤ የኦርዮን ሚስት አልዘለላትም። እናታችሁን ግን አስቀድማችሁ አነጋግሩ፣ መድረክ ላይ ድንገት አይሁንባቸው።

የቀረውን ታሪክ ደግሞ ከሥራቸው ይጀምር። ጣቢታ ኢዮጴ ላይ ስትሞት መበለቶቹ ለጴጥሮስ «ደግ ነበረች» ብለው ብቻ አልቀሩም፤ የሠራችላቸውን ልብስ እያሳዩት አለቀሱ (ሐዋርያት ሥራ 9፥39)። ጃማይካውያን ለእርሻ ሥራ ወደ ኦንታሪዮ መምጣት የጀመሩት በ1966 ነው። ወራት ሙሉ ከልጆች ተለይቶ በሰው አገር ማሳ ላይ ማጎንበስ ምን እንደሆነ ባለቤትሽ ያውቀዋል። አባቱ ከካናዳ ምን ይዘው ይገቡ እንደነበር፣ የማንን የትምህርት ቤት ክፍያ እንደከፈሉ፣ የወንድማቸውን ልጆች እንዴት ከራሳቸው ሳይለዩ እንዳሳደጉ ይናገር። ልጆቹ የያዙት ዕቃ ካለ ያምጡት። ስሕተታቸውን መዘርዘር አያስፈልግም፤ ያልነበራቸውን ጽድቅ መጨመርም እንዲሁ።

የክርስትና ስማቸውን ስታገኙ ካረፉበት ቀን ጋር ጽፈሽ ቶሮንቶ ላለው ደብራችሁ አስተዳዳሪ ስጪ። ሰማንያቸውንና የሙት ዓመታቸውንም አብረሽ አስመዝግቢ። ባለቤትሽን ይዘሽው ሂጂ፤ ቄሱ የአባቱን ስም ሲጠሩ በጆሮው ይስማ።