ደመወዝ ወይስ ፐርሰንት? ለተመራቂዋ የጥርስ ሐኪም

ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። (ለመመረቅ ሁለት ወር ቢቀርሽም ከአሁኑ ልለማመደው።) ጥያቄሽ የብዙ ባልደረቦችሽም ስለሆነ አሳጥሬ እዚህ ላስቀምጠው፦

«በጥርስ ሕክምና ልመረቅ ሁለት ወር ቀርቶኛል። የመንግሥት ሆስፒታል በደመወዝ የመቀጠር ዕድል አለኝ፤ በልምምድ ጊዜ እዚያ ያየሁት ግን ቀኑን ሙሉ ነቀላ ነው። አንድ የግል ክሊኒክ ደግሞ ከማስገባው ገቢ በፐርሰንት ሊከፍለኝ ጠይቆኛል። ጓደኞቼ ‹ሆስፒታል ከገባሽ እጅሽ ይበላሻል› ይሉኛል። አንድ አስተማሪዬ ‹የግል ከገባሽ ዓይንሽ ይበላሻል› አሉኝ። የማንን ልስማ?»

ጓደኞችሽም አስተማሪሽም አውቀው ነው የተናገሩት። የጤና ባለሙያዎች ሥራ ሲመርጡ፣ ሲለቁና ሲመለሱ ብዙ ዓመት አይቻለሁ፤ እጁ የተበላሸበትም ዓይኑ የተበላሸበትም አጋጥሞኛል። ማንም ያልነገረሽ ነገር፣ እጅም ዓይንም በምን መንገድ እንደሚበላሹ ነው።

አንድ ጥርስ እንውሰድ፤ ታች በቀኝ በኩል ያለውን የመጀመሪያ መንጋጋ። ታካሚዋ ሌሊቱን ሙሉ ሳትተኛ አድራለች። ትኩስ ነገር ሲነካው ሕመሙ ይነሳና ለረጅም ጊዜ አይለቃትም፤ በመስታወትሽ እጀታ ቀስ ብለሽ ስታንኳኪው የወንበሩን ክንድ ጭምድድ አድርጋ ትይዛለች። ጉድጓዱ ነርቩ ድረስ ደርሷል፤ ግድግዳው ግን አልፈረሰም፣ ሥሩም አልላላም። ይህ ጥርስ ይድናል። ለማዳን የሥር ሕክምና ትሠሪያለሽ፦ ታደነዝዢያለሽ፣ ጥርሱን ከምራቅ የሚለየውን ላስቲክ፣ ራበር ዳሙን ትወጥሪያለሽ፣ በሁለቱ ሥሮች ውስጥ ያሉትን ሦስት፣ አንዳንዴም አራት ቀጫጭን ቱቦዎች ትፈልጊያለሽ፣ ርዝመታቸውን ትለኪያለሽ፣ በፋይል (እንደ መርፌ በቀጠነ ሞረድ) እየጠረግሽ ታጥቢያለሽ፣ በመጨረሻም ትሞያለሽ። ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጃል፤ ብዙ ጊዜም ሌላ ቀጠሮ ይጠይቃል። ኋላ እንዳይሰነጠቅ ደግሞ ክራውን፣ ማለትም ጥርሱን ከላይ የሚሸፍን ክዳን ይፈልጋል። መንቀሉ ግን፣ ሥሩ ካልተሰበረብሽ፣ ማደንዘዣው እስኪይዝ ከመጠበቁ ጋር ሩብ ሰዓት ቢፈጅ ነው።

ይህችው ታካሚ ሆስፒታል ብትመጣ ከኋላዋ ኮሪደሩን የሞላ ወረፋ አለ። ለእሷ አንድ ሰዓት ሰጠሽ ማለት ከወረፋው አራት ሰው ሕመሙን ይዞ ወደ ቤቱ ተመለሰ ማለት ነው። ፋይል ያለቀበት ወይም የኤክስሬይ ማሽኑ የማይሠራበት ቀን ከሆነማ ምርጫም የለሽ። ክሊኒክ ከሄደች ግን ጊዜው፣ ፋይሉ፣ ክራውኑ ሁሉም አለ፤ የሌለው የእሷ ገንዘብ ነው። ስለዚህ እዚያም «በቃ ንቀይልኝ» ብላ ልትጨርስ ትችላለች። የተነቀለው ቦታ ባዶ ሲቀር ጎረቤቶቹ ወደ ክፍተቱ ያዘምማሉ፣ ከላይ ያለው ተጋጣሚውም ወደ ታች ይወርዳል። ይህን ከእኔ በላይ ታውቂዋለሽ።

ሆስፒታል ሁለት ዓመት የሠራ አንድ ወጣት ሐኪም ሥራ ልቀይር ብሎ ሲያማክረኝ የደመወዝ ነገር ይሆናል ብዬ ነበር። እሱ ግን እንዲህ አለኝ፦ «ጥርሱ ይድን እንደነበር እኔ አውቃለሁ። ታካሚው ሥቃዩ ስለቆመለት መርቆኝ ይወጣል። እንቅልፍ የነሳኝ ምርቃቱ ነው።» ጓደኞችሽ «እጅ ይበላሻል» የሚሉት ይህን ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ፋይል ያልያዘ እጅ የሥር ሕክምና ይፈራል፤ የፈራ ሐኪም ደግሞ ነቀላን «ለታካሚው የሚሻለው» እያለ ይጠራዋል።

የዓይኑን ነገር በራሴ አፍ ነው የተማርኩት። ከዓመታት በፊት ጥርሴን ላሳጥብ ብቻ አንድ የግል ክሊኒክ ገባሁና አምስት የሚሞላ ጥርስ አለብህ ተባልኩ። ሕመም የሚባል ነገር ስላልነበረኝ ሌላ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። እሷ አድርቃ፣ በደንብ አብርታ አየችና ሁለቱ ይሞሉ አለች። ሦስቱ ገና ከላይኛው ጠንካራ ሽፋን ያላለፉ ነጫጭ ነጠብጣቦች ነበሩ፤ በፍሎራይድና በአግባቡ በመቦረሽ ባሉበት ሊቆሙ ስለሚችሉ በስድስት ወር እንያቸው ብላ ካርዱ ላይ ጻፈች። እስካሁን አልተሞሉም። የመጀመሪያውን ሐኪም ሌባ ነበር አልልም። ይሞላ ወይስ ይጠበቅ በሚባል ጥርስ ላይ ሁለት ጨዋ ሐኪሞች ሊለያዩ ይችላሉ። ነገር ግን ከሞላው ጥርስ ሁሉ ፐርሰንት የሚቆጠርለት፣ ጠብቀን እንይ ላለበት ምንም የማይቆጠርለት ሰው ዓይኑ ቀስ በቀስ ወዴት እንደሚያጋድል መገመት አይከብድም። እሱ ራሱ እንኳ አይታወቀውም።

እንግዲህ ሁለቱን ቦታ የሚለየው የአከፋፈሉ ነገር ነው። በሠሩት ልክ መከፈል ብዙ ወደ መሥራት ይገፋል። በተመዘገበ ታካሚ ቁጥር፣ በነፍስ ወከፍ መከፈል ጥቂት ወደ መሥራት ይገፋል። ደመወዝ ደግሞ ከባዱን ጥርስ ለነገ ወደ ማስተላለፍ። ከገፊ ነፃ የሆነ አከፋፈል እኔ አላየሁም። ይህ የመንግሥት ገንዘብም ሲሆን ይሠራል። እንግሊዝ ውስጥ በ2006 (እዚህ ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) የተጀመረው የመንግሥት የጥርስ ሕክምና ውል ሥራውን በነጥብ ነው የሚቆጥረው፤ ምርመራ 1 ነጥብ፣ እንደ ሙሌት፣ ነቀላና የሥር ሕክምና ያለው 3 ነጥብ፣ እንደ ክራውንና ብሪጅ (የጎደለን ጥርስ በጎረቤቶቹ ላይ አስደግፎ መተካት) ያለው 12 ነጥብ። አንድ ጥርስ የሞላም አምስት የሞላም ያው 3 ነጥብ ነበር፤ መንጋጋ ላይ ከሰዓት በላይ ሥሩን ያከመም፣ ነቅሎ የሸኘም እንዲሁ። የፓርላማው የጤና ኮሚቴ በ2008 ሁኔታውን ሲመረምር የሥር ሕክምና ቀንሶ ነቀላ ጨምሮ አገኘ። ለመንጋጋ ሥር ሕክምና ነጥቡ ወደ 7፣ ለሦስትና ከዚያ በላይ ሙሌት ወደ 5 ከፍ ያለው በ2022 መጨረሻ ነው። እነዚያ ሐኪሞች በ2006 በአንድ ጀንበር አልከፉም። ሒሳቡ ነው የተቀየረው።

ጥርስ ደግሞ ገንዘብ ሲያጥር መጀመሪያ ከበር ውጭ የሚደረግ አካል ነው። እንግሊዞች በ1948 ሕክምናን ለሁሉም በነፃ ብለው ጀምረው ገና በሦስተኛ ዓመቱ ለአርቴፊሻል ጥርስና ለመነጽር ክፍያ ሲደነገግ፣ አገልግሎቱን ያቋቋመው አኑሪን ቢቫን በዚሁ ተቆጥቶ ሥልጣኑን ለቀቀ። አሜሪካ በ1965 ለአረጋውያን ያወጣችው የጤና መድን፣ ሜዲኬር፣ የተለመደውን የጥርስ ሕክምና ከመነሻው አላካተተም። ይህን የምነግርሽ የገባሽበት ውጥረት ካንቺ በፊት የነበረ፣ ጡረታ ስትወጪም የሚኖር መሆኑን አውቀሽ እንድትገቢ ነው። ሥራ እንደማታጪ ግን እርግጠኛ ነኝ፤ የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 ባወጣው ሪፖርት የአፍ ሕመም ያለበትን ሰው ወደ 3.5 ቢሊዮን አድርሶታል።

አሁን ወደ ሁለቱ በሮች እንምጣ።

ክሊኒኩን ስታነጋግሪ «ስንት ፐርሰንት?» የመጨረሻ ጥያቄሽ ይሁን። መጀመሪያ ከምኑ ላይ እንደሚሰላ ጠይቂ፤ ታካሚው ከከፈለው ነው ወይስ ለላብራቶሪና ለዕቃ የወጣው ተቀንሶ? የሠራሽው ክራውን ከሦስት ወር በኋላ ቢወልቅ ድጋሚው በማን ሒሳብ ነው? ታካሚ ሳይመጣ በዋለበት ወር ቢያንስ የምታገኝው ቋሚ ክፍያ አለ ወይ? ይህ የመጨረሻው ትንሽ ይመስላል፣ ግን ትልቅ ነው። የቤት ኪራይሽ የተንጠለጠለው የዛሬዋ ታካሚ ክራውን በመስማማቷ ላይ ከሆነ፣ ስለ ጥርሷ ስታስረጂያት ድምፅሽ ውስጥ ኪራዩ ይሰማል። በየወሩ ቢያንስ ይህን ያህል ገቢ አምጪ የሚሉ ከሆነ እኔ ብሆን አልፈርምም። የሕክምና ዕቅዱን የሚጽፈው ማን እንደሆነም እወቂ። ባለቤቱ አይቶ፣ ዋጋ ተናግሮ፣ አንቺ «ሥሪ» ብቻ የምትባዪበት ቤት ከሆነ ስሕተቱ ባንቺ ፊርማ፣ ትርፉ በሌላ ኪስ ነው።

አንድ ፈተና ልስጥሽ። ባለቤቱን ፊት ለፊት «ምንም የማያስፈልገው ታካሚ ሲመጣ ምን እናደርጋለን?» በዪው። የምርመራ ክፍያ ተቀብለን፣ አስረድተን፣ ቀጠሮ ሰጥተን እንሸኛለን ካለ ጥሩ ነው። ከሳቀ ደብዳቤሽን ሌላ ቦታ ውሰጂ።

ሆስፒታሉን ስታነጋግሪ ደግሞ ስለ ደመወዝ ብዙ አትድከሚ፤ የተቆረጠ ነው። ክፍሉን አሳዩኝ በዪ። ኤክስሬዩ ይሠራል? ሙሌት የሚያደርቀው መብራት አለ? ፋይል የገባው መቼ ነው? ከሁሉም በላይ ደግሞ እጅሽ ሲንቀጠቀጥ ከጎንሽ የሚቆም ሲኒየር አለ ወይስ ከመጀመሪያው ቀን ብቻሽን ነሽ? ሲኒየር ያለበት ሆስፒታል ክሊኒክ ውስጥ በአሥር ዓመት የማታይውን ያሳይሻል፤ የተሰበረ መንጋጭላ፣ ከጥርስ ተነስቶ አገጭ ሥር ያበጠና ትንፋሽ ሊዘጋ የደረሰ ኢንፌክሽን፣ የስኳርና የልብ ሕመምተኛን ጥርስ ከሌሎች ክፍሎች ጋር ተነጋግሮ ማከም። ብዙ ሰው ስለምታዪም ቶሎ ትለያለሽ፤ ይህ አስቸኳይ ነው፣ ይህ ይቆያል፣ ይህስ የጥርስ ሕመም አይደለም የሚለው ዓይንሽ እዚያ ይገራል።

ዕቃ የለም ማለት ደግሞ ሁልጊዜ ንቀይ ማለት አይደለም። የበሰበሰውን ያለ ድሪል፣ በእጅ መሣሪያ ጠርጎ በግላስ አዮኖመር መሙላት የታወቀ ዘዴ ነው። ሲልቨር ዳያሚን ፍሎራይድ የሚባለው የሚቀባ ፈሳሽም የተቦረቦረውን ቦታ ቢያጠቁረውም መበስበሱን ያስቆማል። ሁለቱም በ2021 የዓለም ጤና ድርጅት መሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ገብተዋል። ስለዚህ «እዚህ ግላስ አዮኖመር ይገዛል ወይ?» ብለሽ ስትጠይቂ ቅንጦት እየጠየቅሽ አይደለም።

ሦስተኛ መንገድ እንዳለም ሳታስቢው አልቀረሽም፤ ጠዋት ሆስፒታል፣ ማታ ክሊኒክ። ብዙዎች ይሠሩታል። መጀመሪያ የቅጥር ውሉ ይፈቅድ እንደሆነ አንብቢ። ከፈቀደ ደግሞ አንድ አጥር ለራስሽ እጠሪ፦ ጠዋት ወረፋ ላይ ያገኘሻትን ታካሚ ማታ ክሊኒክሽ ላይ አትቀበዪ። «ማሽኑ ተበላሽቷል፣ ማታ እዚያ ነይ» የሚለው ቃል የመጀመሪያው ቀን እውነት ነው፤ ማሽኑ በእውነት ተበላሽቷል። ችግሩ ከዚያ በኋላ ማሽኑ እንዲጠገን የሚጮህ ሰው መጥፋቱ ነው። ወደ ሌላ መላክ ካለባት ሁለት ሦስት ቦታ ንገሪያት፣ ያንቺ በዝርዝሩ አይኑር። ገቢ ይቀንስብሻል። እኔ ግን ይህን አጥር ያፈረሰ ሰው መልሶ ሲያጥር አላየሁም።

የእኔን ፍርድ ከፈለግሽ፦ ሲኒየር ካለና ኤክስሬዩ ከሠራ ሆስፒታሉን ለሁለት ዓመት ያዢ። እዚያ ሆነሽ በሳምንት ቢያንስ አንድ ሙሉ የሥር ሕክምና እንድትሠሪ ከክፍል ኃላፊው ጋር ከአሁኑ ተነጋገሪ፤ ወረፋው ቀለል የሚልበት አንድ ከሰዓት አይጠፋም። ሲኒየርም ኤክስሬይም ከሌለ ግን በ«ሕዝብ አገለግላለሁ» ስሜት ብቻ አትግቢ፤ በሁለት ዓመት ውስጥ ሕዝቡም አንቺም አትጠቀሙም። ያኔ ቋሚ ክፍያ ያለውን፣ ዕቅዱን ራስሽ የምትጽፊበትን ክሊኒክ ምረጪ። ቋሚ ክፍያ የማይሰጥና ዕቅድ የማያስጽፍ ከሆነም ሌላ ክሊኒክ ፈልጊ፤ ሁለት ወር አለሽ።

ከመወሰንሽ በፊት ግን በሁለቱም ቦታ አንድ አንድ ቀን ጥግ ይዘሽ ተቀመጪና ማስታወሻ ያዢ። ሆስፒታሉ ውስጥ ከተነቀሉት ስንቱ ሊድኑ ይችሉ ነበር? ክሊኒኩ ውስጥ ከተሞሉት ስንቱ ሊጠበቁ ይችሉ ነበር? ሁለቱን ቁጥር ይዘሽ ብትጽፊልኝ መልሴን እንደገና አየዋለሁ።